ወይራ የታጠነው ቦይለር

ሐምሌ 3 ቀን 2017፣ መካነ ኢየሱስ

ዝናብ ነው። ቦይለሩ ዛሬም ቀይ መብራቱን አብርቶ ጠፋ። ህሊና ፀጉሯን የሳሙና አረፋ እንደሸፈነው ከመታጠቢያ ቤት ሆና "ደምሌ፣ ቀዘቀዘ እኮ" አለችኝ። እኔም ሳጥኑ ፊት ቆሜ "አይዞሽ፣ ራሱን እያስተካከለ ነው" አልኋት። ምኑን እንደሚያስተካክል እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ ውሃ በብረት ድስት አሙቄ በጆግ አፈሰስሁላት። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ ማሞቂያው ያወራሁ ሰውዬ ሚስቴን በጆግ ሳጥብ ያየኝ አልነበረም፤ ደግነቱ።

ይህን ቦይለር ያገኘሁት መንገድ ሲሠራ የነበረው የውጭ ኩባንያ ካምፑን ነቅሎ ሲሄድ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ነው። ሌላው ሰው ወንበርና ፍራሽ ሲያነሣ እኔ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነጭ ሳጥን ተሸክሜ ወጣሁ። በጋዝ ሲሊንደር ነው የሚሠራው። ተራ ማሞቂያ አይደለም፤ ጭሱን ወደ ውጭ ከመልቀቁ በፊት ያለ የሌለ ሙቀቱን ይቀማዋል፤ ጭሱም ቀዝቅዞ ውሃ ይሆንና ከሥር ጠብ ጠብ ይላል። የፊዚክስ መምህር እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንዴት ያልፋል? አላለፍሁም።

ሐምሌ 6

አማቴ እትዬ አስካለ ከወገዳ ደወሉ።

"ልጀን መቼ ነው የምታመጣልኝ? መንገዱ ሳይበላሽ ይሁን እንጅ።"

"እትዬ፣ እዚህ ይሻላታል። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ቤታችን ደግሞ ሙቅ ውሃ ከግድግዳ ይወርዳል።"

"ከግድግዳ?"

"ከግድግዳ።"

"እኔስ ቤት እሳት የለም መሰለህ?" አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። በስተመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ለፍልሰታ መጥተው ቤቱን ያያሉ። የሚያሳርስ ቤት ሆኖ ካገኙት ህሊና እዚሁ ትወልዳለች፤ ካልሆነ ይዘዋት ይሄዳሉ።

ሴት ልጅ እናቷ ቤት ሄዳ መታረሷ ወግ ነው። ወጉን አልጠላሁትም፤ መንገዱን ነው የጠላሁት። ለምን እንደጠላሁት እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ደብተሩን የማነበው እኔ፣ የማውቀውም እኔ።

ስለዚህ ቦይለሩ እስከ ፍልሰታ መዳን አለበት።

ሐምሌ 9

ሽፋኑን ፈታሁ። ላቀው መጣ፤ አማርኛ ነው የሚያስተምረው፣ ብሎን ግን እንደ ቃል ዘር ነው የሚያየው። የሙቀት መለዋወጫውን አወጣሁት፤ ልብ የሚባለው ክፍሉ ነው፣ ስስ የብረት ቅጠሎች እርስ በርስ ተደራርበው፣ በመሃላቸው ነጭና ቡናማ ዝቃጭ ጋግሮባቸዋል።

ላቀው አገላብጦ አየውና "ሽንፍላ ነው" አለ።

"የሙቀት መለዋወጫ ይባላል።"

"ቅጠሉን አታይም? ሽንፍላ ነው። አጣጠቡም እንደዚያው ነው፤ ቅጠል በቅጠል። በሮብ እንዲህ ያለ ነገር ታሳየኛለህ እንዴ?"

ስሙ በዚያው ጸደቀ። ህሊና እንኳ ከጤና ጣቢያ ስትገባ "ሽንፍላው ታጠበ?" አለችኝ። ነርስ ናት፤ የሰው አካል ክፍል ስም አሳስታ አታውቅም፣ የእኔን ዕቃ ግን አሳሳተች።

ሐምሌ 12

ሎሚ። ለብ ያለ ውሃ። የጥርስ ብሩሽ (የራሴ መስሎኝ ነበር፤ የህሊና ኖሯል። እስካሁን አላወቀችም)።

ቅጠል በቅጠል። ጀርባዬ ተሰበረ። ግማሹ ጠራ።

ሐምሌ 14

ጠራ። ፀሐይ ለአፍታ ብቅ ስትል ወደ ብርሃን አንሥቼ በቅጠሎቹ መሃል አሻግሬ ስመለከት የጎረቤታችንን የስንዱን አጥር አየሁ። ስንዱ ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ እኔን አየችኝ።

"መምህር፣ ምን እያጠቡ ነው?"

ማስረዳት ጀመርሁ። እሷም እየሰማችኝ ጎመኗን ቀንጥሳ ጨረሰች።

የቀረው ከሥር ያለችው ኩባያ መሰል ነገር ናት። ጭሱ ውሃ ሆኖ የሚጠራቀመው እሷ ውስጥ ነው። ከፈትኋት፤ ውስጧ የቆየ ውሃ ነበር፤ ሽታው አይወራም። ውሃውን ደፋሁት፣ ኩባያዋን አጠብኋት፣ በሎሚ አሸኋት፤ ሽታው ንቅንቅ አላለም። መመሪያው ላይ የኩባያዋ ሥዕል አለ፤ ጽሑፉ የማላውቀው ቋንቋ ነው፣ ሥዕሏ ግን ውስጧ የውሃ ሞገድ ተሥሎባታል፣ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስትም አላት። "በውሃ እጠብ" ማለት ነው። አጥቤያለሁ።

ሐምሌ 15

ዛሬ የሠራሁትን ለተማሪዎቼ የማልናገረው ሥራ ብዬ እዚህ ላስቀምጠው። በኋላ እስቅበታለሁ።

ያደግሁት ጋን ታጥቦ ወይራ ካልታጠነ እንዳልታጠበ በሚቆጠርበት ቤት ነው። ታዲያ ያቺን የምትሸት ኩባያና ያን ሽንፍላ ይዤ ምን ልሁን? ስንዱን ወይራ ለመንኋት። ፍሙንም ወይራውንም በገል አድርጋ በአጥር አቀበለችኝና እንዲህ አለች፦

"እርጥብ ዕቃ ጭስ አይዘውም። መጀመሪያ ድርቅ አድርገው ያድርቁት እንጅ።"

ኩባያዋንም ሽንፍላውንም አደረቅሁ። በጨርቅ፣ በፀሐይ፣ በመጨረሻም በህሊና የፀጉር ማድረቂያ። ጠብታ አልቀረችባቸውም። ከዚያ ገሉ ላይ ደፍቼ አጠንኋቸው። ጢሱ በቅጠሎቹ መሃል ሲወጣ ደስ የሚል ነገር ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ ቢያዩኝ ዲግሪዬን ይቀሙኝ ነበር።

ገጠምሁት። አንድ ብሎን ተረፈ። በኪሴ ይዣት እዞራለሁ።

ሐምሌ 17

ሠራ!

ውሃው ያቃጥላል። ቤቱ በሙሉ ወይራ ወይራ ይላል። ህሊና ወጥታ ጉንጯ ቀልቶ "የናቴ ቤት ሸተተኝ" አለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቤት ለቤት ዞርሁ ማለት ይቻላል። ከስንዱ ደጅ ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ "የመምህሩ ቤት ጠላ ሊጠምቁ ነው?" አለች፤ ሌላዋ "የለም፣ ውሃ ነው የሚጠምቅ" አለቻት። ስም ካወጡልኝ ይሄኛው አይከፋም።

ሐምሌ 21

ብርድ። የመታጠቢያ ቤቱንና የመኝታ ቤቱን መስኮት ስንጥቅ በላስቲክ ደፈንሁ። ልጁ ሲመጣ ይህ ቤት ነፋስ የማያውቅ ቤት ይሆናል።

ህሊና ራሷን አሟታል። "ጤና ጣቢያ ስውል ይተወኛል፤ ቤት ስገባ ይመጣብኛል" አለች። ተከፋሁ፤ አልነገርኋትም። ሚስቱ ቤቱ ስትገባ ራሷን የሚያማት ሰው ምን ይላል? ሳህን ያጥባል። አጠብሁ።

ሐምሌ 23

ላቀውን ሻወር ጋበዝሁት። ሲወጣ ዓይኑ ፈዝዞ በሩን ተደግፎ ቆመ። "ወይራህ ያሰክራል" አለ። ሳቅን። እኔንም ትንሽ ራሴን ይፈልጠኛል፤ ክረምቱ ሳይሆን አይቀርም።

ሐምሌ 27

ህሊና የወሊድ ፈቃድ ወጣች። ሙሉ ቀን ቤት ናት። ብዙ ትተኛለች። ሴት ስትከብድ እንቅልፍ ይበዛባታል ይባላል፤ አምናም እንዲሁ ነበረች መሰለኝ። አላስታውስም። አስታውሳለሁ እንጂ።

ዛሬ "ደምሌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?" አለችኝ። ጥያቄው ስለ ውሃው መስሎኝ የጋዙን ግፊት ማስረዳት ጀመርሁ። እስክጨርስ ሰማችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ልትጠይቀኝ የነበረው ምን እንደሆነ አላወቅሁም። የአስተማሪ በሽታ ነው፤ እጅ የወጣ ሁሉ ስለ ትምህርቱ የሚጠይቅ ይመስለናል።

ነሐሴ 2

ነገ ይመጣሉ። ወለል ታጠበ። ሳጥኑን በጨርቅ አሸሁት፣ አብረቀረቀ። እትዬ አስካለ ፊት የምለውን ደግሜ ደጋግሜ አጠናሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ እንዲህ አላጠናሁም።

ነሐሴ 4

እንደሆነው ልጻፈው።

እትዬ አስካለ ትናንት ከሰዓት በኋላ ገቡ፤ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ። መንገድ ላይ የመጡበት ኢሱዙ ሁለት ጊዜ ቆሞባቸው ነበር። ሻይ እንኳ ሳላቀርብ ወደ ሳጥኑ ወሰድኋቸው። የሰው ነውር ይህ ነው። አይተው አይተው "ነጭ ነው" አሉ።

"ይግቡና ይታጠቡ እትዬ፤ ብርዱ ይውጣልዎ።"

እንቢ አሉ፣ ለመንሁ፣ ህሊናም ለመነች፣ ገቡ። ውሃው እንዳይቀዘቅዝባቸው እሳቱን ከፍ አደረግሁት። ህሊና ልብስ ይዛላቸው በር ላይ ተቀመጠች። እኔ ሳሎን ሆኜ ውሃው ሲወርድ እየሰማሁ በልቤ "አለቀ፣ አሸነፍሁ" እል ነበር። ራሴን እየፈለጠኝ።

ከዚያ የእትዬ አስካለን ድምፅ ሰማሁ። "ህሊናዬ፣ ራሴን… እስቲ ያዥኝ።"

ህሊናም በዚያ የነርስ ድምፅዋ፣ ያን ድምፅ በቤት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም፣ "ደምሌ፣ አጥፋው" አለች። "አሁን አጥፋው። በሩን ክፈት፣ መስኮቱን ክፈት። ሦስታችንንም በአንድ ጊዜ እንዲሁ በአጋጣሚ ራሳችንን ሊያመን አይችልም። ይሄ የከሰል ራስ ምታት ነው።"

አጠፋሁ። የለጠፍሁትን ላስቲክ በጥፍሬ ቀደድሁት። ሁለቱንም ደግፌ ዝናብ ላይ አወጣኋቸው። ህሊና አጥሩን ይዛ አስመለሳት። ስንዱ ባጃጅ ጠራች።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጧቸው። አዋላጇ ያቺን ትንሽ የልብ ምት ማዳመጫ የህሊና ሆድ ላይ አድርጋ ፈለገች። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። ምንም አልተሰማም። እኔ ወለሉን አየሁ። እትዬ አስካለ ወለሉን አዩ። ከዚያ ድቅ ድቅ ድቅ የሚል መጣ፣ እንደሚጋልብ ፈረስ። "አለ፤ ደህና ነው" አለች አዋላጇ። የማላውቀው በሽተኛ አልጋ ላይ ተቀመጥሁ።

ዛሬ ጧት ቤት ገብቼ ፈታሁት። ኩባያዋ ደረቅ ናት፤ ውሃው እንዲያቃጥል እሳቱን ከፍ አድርጌ ስለያዝሁት ጭሱ ቀዝቅዞ መልሶ አልሞላትም። ያ የሸተተኝ ውሃ በር ነበር፤ ጭሱ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚዘጋው እሱ ነበር። በሥዕሉ ላይ ያለው ሞገድ "እጠብ" ሳይሆን "ሙላ" ማለት ነው። ውሃ አየርን እንዴት እንደሚያግድ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፤ ሥዕሉ ቁርጥ ይሄው ነው፣ ቀስቱ ሳይቀር። ለወይራ ጭስ ብዬ አደረቅሁት፤ የወይራው ሽታ ደግሞ የሚመለሰውን ጭስ ሽታ ሸፈነልኝ። ሳምንታት ሙሉ ሚስቴን እያፈንሁ ቤቴ ጥሩ ሸተተ እያልሁ ስኮራ ከረምሁ። ይህን በኋላ እስቅበታለሁ ብዬ ነበር የጻፍሁት። አልሳቅሁም።

ነሐሴ 5

ህሊና ከሆስፒታል ወጣች። ደህና ናት። እትዬ አስካለም ደህና ናቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የህሊናን ልብስ እያጣጠፉ በከረጢት ይከቱ ጀመር። "እንግዲህ እንደ ቃላችን ነው" አሉ።

ከረጢቱን ያዝሁላቸው።

ህሊና ከአልጋ ሆና አየችንና "አስቀምጡት" አለች። "ሁለታችሁም ወዲህና ወዲያ ትጎትቱኛላችሁ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። እናቴ መንገዱ ሳይበላሽ ነይ ትላለች፣ አንተ በመንገዱ አትሂጂ ትላለህ። ያስፈራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ስሙን የሚጠራ ግን የለም።"

ወደ እኔ ዞረች።

"ሙቅ ውሃ መች ለመንሁህ ደምሌ? አንድ ቀን ፈራሁ ብትለኝ አልነበር? እኔ ብቻዬን ነው የምፈራው። እንዲያ ሌሊቱን ግድግዳ ሳይ የማድረው ለብቻዬ ነው።"

እኔም ያልተነገረውን ተናገርሁ። እዚህም ልጻፈው፣ ይጻፍ። አምና በግንቦት ወደ እናቷ ቤት ስንሄድ ያለ ጊዜዋ ምጥ መጣባት። መኪናው ጭቃ ውስጥ ነበር። ወንድ ልጅ ነበር፤ ድምፅ አላሰማም። በጋቢዬ ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ አልከበደኝም፣ እስከ ዛሬ ግን ክንዴ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ያወራሁት የለም። ስለ ጋዝ ግፊት ግን ብዙ አውርቻለሁ።

"ፈራሁ" አልኋት። "አሁንም እፈራለሁ።"

እትዬ አስካለ ከረጢቱን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "እኔስ?" አሉ። "እኔ ዘንድ ስትመጣ ነው እኮ። ለእኔ ስትመጣ ነው መንገድ ላይ የቀረባት። ይሄን ይዤ ነው ዓመቱን ሙሉ የማድረው። እንደ ወጉ ቤቴ ብትወልድልኝ የሚካስ መስሎኝ ነበር።"

ለመጀመሪያ ጊዜ የታየኝ ያኔ ነው። እኚህን ሴት ቤቴን ላሳያቸው ጠራኋቸው፤ ማሞቂያ ላሳያቸው ጠራኋቸው፤ ኑና አብረውን ይሁኑ ግን አላልኋቸውም። አንድም ቀን።

"እትዬ፣ እዚሁ ይቆዩልን" አልሁ። "እርስዎ እዚህ ያርሷት።"

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ቤቴን ለሰው አደራ ብዬ አልመጣሁም" አሉ። ደግሞ "ላም አላቢ ግን አይጠፋም" አሉ። "ያ ሳጥን ከዚህ ቤት ይውጣ። እሱ ካለ እኔ የለሁም።"

ነሐሴ 6

ሳጥኑ ወጣ። ላቀው አገዘኝ። በአንድ በኩል ይዞ "ሽንፍላችን በጾም መጣሉ ደግ ነው" አለ፤ እኔ እንዳልሳቅሁ አይቶ ደነገጠ። ሳቅሁለት።

በሥነ ሥርዓት የሚገጥም ባለሙያ አየር በሚዘዋወርበት ቤት ይጠቀምበት ይሆናል። የሚገዛ ቢመጣ ሥዕሉን እኔው አስረዳዋለሁ፤ አሁን አውቀዋለሁ።

ነሐሴ 14

አማቴ በሳጥኑ የሽፋን ብረት ላይ ጌሾ አስጥተዋል። "ለአንድ ነገር ሆነ" ይላሉ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር። የቤቱን ሥራ ሁሉ ተረክበዋል፤ እኔ ሥራዬ እንጨት መፍለጥና አለመናገር ነው። ሁለተኛው ይከብደኛል።

ህሊና ራሷን አያማትም። ማታ ማታ ሦስታችን ቁጭ ብለን ስለ ልጁ እናወራለን፤ ስለ አምናውም ስለ ዘንድሮውም። እትዬ አስካለ ለአምናው ስም አውጥተውለት ኖሯል፤ ለማንም አልነገሩም ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሳቸው ነው።

ነሐሴ 26

አዋላጇ ቀርቧል አለች። እፈራለሁ። ጧት ነገርኋት፣ ቀን ነገርኋት፤ አሁን ደግሞ "ይበቃል፣ ገባኝ" አለችኝ። እንኳን ፊዚክስ ፍርሃትም ሳስተምር አላቆምም።

ጳጉሜን 3

በጥድፊያ። ንጋት ላይ ጀመራት። ባጃጅ። መንገዱ አጭር ነው፣ አስፋልት ነው። እትዬ አስካለ እጇን ይዘዋል። እኔን ከበር መለሱኝ።

ጳጉሜን 4

ትናንት የሆነው እንዲህ ነው።

በረንዳው ላይ ወዲህና ወዲያ ስል እትዬ አስካለ ወጥተው ፔርሙዝ ሰጡኝ። "ሂድና ሻይ ቤት ሙቅ ውሃ አስሞላ፤ ከወለደች በኋላ ትፈልገዋለች። እዚህ ሆነህም እኛን ከማዞር ሌላ የምታደርገው የለም" አሉኝ። ሮጥሁ። ሻይ ቤቱ ውሃው አልፈላም ነበር። ባለቤቷን አጣደፍኋት፤ እሷም የምድጃውን እሳት አራግባ "ውሃ ሰው ስላጣደፈው አይፈላም መምህር" አለችኝ። ሙቅ ውሃ እየጠበቅሁ ልጄ ተወለደች። ሴት ናት። ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ በወሳኟ ሰዓት ሻይ ቤት ሲገኝ እንዲህ ነው።

ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ደረስሁ። ከበሩ ውስጥ ለቅሶ ይሰማል፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ትንፋሽ የማይሰጥ። የማን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ። እትዬ አስካለ በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ፤ ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። ፔርሙዙን አቅፌ ግድግዳውን ተደገፍሁና አለቀስሁ። ድምፅ አውጥቼ፣ አንድ ተማሪዬ ሳይቀር እዚያ ተቀምጦ እያየኝ።

አማቴ መጥተው ፔርሙዙን ከእጄ ወሰዱ። "አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?" አሉ። "እሷ ታልቅስ፣ ያምርባታል። አንተን ሰው ያይሃል።"

"ይየኝ እትዬ" አልሁ። "ሰው ይየኝ።"